አባቴ የመረጣት ሰማያዊ ጀልባ

አዲስ ቀለም ሲሸተኝ ይደክመኛል። ሌላው ሰው ቤቱን ሲያስቀባ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ገና ከሩቅ ሲሸተኝ የሆነ ቦታ ቁጭ ማለት ያምረኛል። ያለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ከከማል ጋር እዚሁ ወልድያ ያገለገለ ባጃጅ ልናይ ሄደን ነበር። ከማል አስተማሪ ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ባጃጅ እየነዳ የጎደለንን ሊሞላ አስቧል። የሻጩ ግቢ በር ላይ ስንደርስ ያ ሽታ ተቀበለኝ። ባጃጇ ዳር እስከ ዳር አዲስ ተቀብታ ፀሐይ ላይ ታብረቀርቃለች። ከማል ገብቶ መሪዋን ያዘና ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ እዚሁ ከተማ፣ አባቴ ፊት ላይ አይቼዋለሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው መርሳ ነበር። አባቴ ሰይድ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። በሐብሩ ወረዳ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን በወንዝ ውሃ የሚያጠጣ ገበሬ ሁሉ፣ ሞተሩ እምቢ ባለው ቁጥር የሚመጣው እኛ ቤት ነው። ፓምፕ ደግሞ ጥላ ሥር አይበላሽም። አባቴ የመሣሪያ ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ ግራና ይወርዳል፣ ወደ ውርጌሳ ይሄዳል፣ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ይውላል። ሲመለስ እስከ ጭኑ እርጥብ ነው። ቤንዚን፣ ጭቃና የሽንኩርት ቅጠል ይሸታል። ለእኔ የአባት ሽታ ማለት እስከ ዛሬ ያ ነው።

ማታ ማታ ጉልበቱን በሞቀ ውሃና በጨው የማሸው እኔ ነበርኩ። ጉልበቱ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ተረከዝ ጠንክሮ ነበር። ሳሸው ዓይኑን ይጨፍንና "አሚና፣ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ የምሠራው ሥራ ይሰጠኛል፤ ኢንሻአላህ" ይለኛል። ሁልጊዜ ያችኑ ነበር የሚላት። አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን "ምን ትመኛላችሁ?" የሚል ጽሑፍ አዘዘን። ልጁ ሁሉ ሐኪም፣ ፓይለት እያለ ጻፈ። እኔ "አባቴ ቁጭ ብሎ እንዲሠራ እመኛለሁ" ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ ጮክ ብለው ሲያነቡት ክፍሉ ሳቀ። እኔ ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም ነበር፤ አሁንም አልገባኝም።

እናቴ ፋጡማ የሐይቅ ልጅ ናት። የእሷ እናት ከሐይቁ ማዶ ነበረች፤ እርጅና የተጫናት፣ ብቻዋን የቀረች ሴት። ልንጠይቃት በሄድን ቁጥር ወይ ዳር ዳሩን ዞረን ግማሽ ቀን በእግር እንሄዳለን፣ ወይ ታንኳ ተራ እንጠብቃለን። አባቴ አንድ የገበያ ቀን እዚያ ዳር ቆሞ፣ በጉንና እህሉን ይዞ ታንኳ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ "ይህ ሁሉ ሰው በሞተር ጀልባ ቢሻገር፣ ጀልባውን የሚነዳው ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው" አላት። እናቴ ማዶ ማዶውን አየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ሐይቅ ዳር ቤት እንከራያለን፣ አባቴ ሰው ያሻግራል፣ እናቴ እናቷን በፈለገችው ቀን ታያለች። የሁላችንም ነገር አንዲት ጀልባ ላይ ተንጠለጠለ።

ወሬውን ያመጣው አንድ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ዓሣ ሲያጠና የነበረ ፕሮጀክት ተዘግቶ፣ ዕቃውን የወልድያ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዝቶታል፤ ከዕቃው ውስጥ ሁለት የሞተር ጀልባ አለ ተባለ። በእኛ ወገን ትልቅ ነገር ሲገዛ የሚያውቅ ሽማግሌ ይዞ መሄድ ወግ ነው። ነገር ግን ከዘመዶቻችን ውስጥ ጀልባ የገዛ ሰው ስላልነበረ በሬ የሚገዛ ሰው ተያዘ። የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ይማም ግራና ላይ የከብት ነጋዴ ነበር፤ በሬ ሲራመድ አይቶ ዕድሜውን የሚናገር። እኔን የላከችኝ እናቴ ናት። "ወንዶቹ ይረሱታል፤ መደገፊያ ያለው መቀመጫ እንዳላት አንቺ አይተሽ ንገሪኝ" አለችኝ። ለመንገዱ አንዲት ማስቲካ ገዛችልኝ፤ እኔም ጣዕሟ ካለቀ በኋላ እንኳ ሳልተፋት ወልድያ ደረስኩ።

የነጋዴው ግቢ የማይሠራ ፍሪጅ፣ የተጣመመ አልጋና ብረታ ብረት የሞላበት ነበር። ጀልባዎቹ ጥግ ላይ ናቸው። አንደኛዋ አረንጓዴ ነበረች፤ ቀለሟ ተላልጦ፣ ጎኗ ተጭሮ፣ ስታያት ታሳዝናለች። ሞተሯ ሲነሳ አስሎ አስሎ ጠፋ። ሁለተኛዋ ሰማይ መሰለች። ሆዷን ወደ ላይ አድርገው ሁለት ጎማ ላይ ደፍተዋታል፤ ቀለሟ ገና ስላልደረቀ ይሁን እንጃ፣ ግቢው በሙሉ በእሷ ይሸታል። ሞተሯን ነቅለው ውሃ በሞላ በርሜል ጠርዝ ላይ አስረውታል።

አጎቴ ይማም ሰማያዊዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። በከዘራው ጎኗን ነካ ነካ አደረገና፣ "ሰይድ፣ እኔ ገበያ ልትወጣ ስትል የታጠበች ላም አልገዛም። ያችኛዋ ትሻላለች፤ ያለባትን አልደበቀችም። ሞተሯን አንተ ታድናታለህ" አለው።

አባቴ ሳቀ። "ጋሼ፣ በሬ ላይ እርስዎ ያውቃሉ። ጀልባ ማለት ግን ሞተር ነው፤ ሌላው ላሜራ ነው" አለ።

ነጋዴው ማስነሻ ገመዱን አንድ ጊዜ ሳበው። ሞተሩ ተነሳ፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ፈላ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ካንዴላውን ፈትቶ አየ፣ መልሶ አሰረ፣ ካርቡራቶሩን በጣቱ ነካካ፣ እንደገና አስነሳው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ጉልበቱን ሳሸው የሚጨፍነው አጨፋፈን ነበር። ቀስ እያለ ፈገግ አለ። እኔ አባቴ ሥራ ላይ እያለ ሲስቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

ፀሐዩ ስለበረታብኝ፣ ደግሞም መቀመጫዋን ማየት ስላለብኝ፣ በጎማዎቹ መካከል ሾልኬ የተደፋችው ጀልባ ሥር ገባሁ። ውስጡ ጨለማና ሙቅ ነው። መቀመጫዋን በእጄ ዳሰስኩ፤ መደገፊያ አለው። ልወጣ ስል በኋላዋ በኩል አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ብርሃን አየሁ። ወለሏ ላይ ናት። በጣቴ ጫን ሳደርጋት ቀዳዳው የተደፈነበት ደረቅ ስቱኮ እጄ ላይ ተሰበረና ብርሃኑ ሰፋ። ውጭውን አየሁበት፤ ሰማይ ነበር።

ዐሥር ዓመቴ ነው፣ ግን ሞኝ አልነበርኩም። ብርሃን የሚገባበት ውሃም እንደሚገባበት አውቃለሁ። ውጭ የሞተሩ ድምፅ ይሰማል፣ አባቴ ለአጎቴ ስለ ሐይቁ እየነገረው ነው፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል፣ የወጣት። ወጥቼ "ቀዳዳ አለ" ብል ያ ድምፅ የት እንደሚገባ አሰብኩ። ነገ ጠዋት ሣጥኑን ተሸክሞ ግራና ሲወርድ አሰብኩት። ማስቲካዬን ከአፌ አወጣሁና ቀዳዳዋ ላይ ለጠፍኩት። በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደረግኩት። ብርሃኑ ጠፋ።

ስወጣ አጎቴ ይማም ነጋዴውን ፊት ለፊት ቆሞ እያየው ነበር። "እንከን የለባትም?" አለው። ነጋዴው እጁን ሞተሩ ላይ አድርጎ፣ "ይህ ሞተር እንከን የለውም፤ ወላሂ" አለ። እዚያ ላይ ነገሩ ተዘጋ። በእኛ አገር ወላሂ ያለን ሰው "እስቲ ገልብጣትና ልያት" ማለት ውሸታም ብሎ መስደብ ነው። አጎቴ ከዘራውን መሬት ላይ አሻሸ። መገልበጥ እንደፈለገ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። ወግ ያዘው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ "መቀመጫዋስ?" አለኝ። "መደገፊያ አለው" አልኩት። "እስቲ" ብሎ ጉልበቱን እየያዘ ጎንበስ አለና አንድ ክንዱንና ራሱን ጀልባዋ ሥር አስገባ። ትንሽ ቆየ። ሲወጣ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። አየኝ፤ እንደ ሁልጊዜው አይደለም፣ ረዘም አድርጎ ነው ያየኝ። ከዚያ "ጥሩ ናት" ብሎ ለነጋዴው እጁን ዘረጋ።

ጀልባዋ በቀጥታ ወደ ሐይቅ አልሄደችም። አዲስ ንብረት ዱዓ ሳይደረግለት ሥራ አይጀመርበትም፤ ስለዚህ በአይሱዙ ተጭና መርሳ ግቢያችን ገባች። ሦስት ቀን ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀመጠች። የሰፈሩ አዛውንቶች ዙሪያዋን ከበው ዱዓ አደረጉ፤ "ኸይሩን ያድርግላችሁ፣ ከውሃ ክፉ ይጠብቃችሁ" ሲሉ እኔ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ አሚን አልኩ። እናቴ ለመቀመጫዋ ትራስ ሰፋች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሱዚና የሰኞ ማክሰኞ ጨዋታውን ትቶ እኛ ግቢ ዋለ፤ ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጠን በአፋችን ሞተር እያስጮህን ስንት ጊዜ ማዶ ደረስን። አባቴ ማልዶ እየተነሳ ብቻውን ጀልባዋ ውስጥ ይጎነበሳል። ሞተሩን የሚያጥብ መስሎን ነበር። እነዚያ ሦስት ቀናት በልጅነቴ ከነበሩት ሁሉ የሚበልጡ ናቸው፤ ሌሊት ግን ማስቲካዋ ትዝ እያለችኝ አንሶላ እነክስ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጉዞ ሆነ። ውርጌሳ ስንደርስ ልጆች "ጀልባ! ጀልባ!" እያሉ ከአይሱዙው ኋላ ሮጡ። እናቴ የዒድ ልብሷን ለብሳለች። ሐይቅ ዳር ወጣቶች ተረባርበው ጀልባዋን አወረዱልንና ውሃ ላይ ተቀመጠች። አባቴ፣ እናቴ፣ አጎቴ ይማምና እኔ ገባን። ማዶ፣ ከሩቅ፣ ነጭ የለበሱ ሴቶች ቆመው ይታያሉ፤ አያቴ ከእነሱ መካከል ናት።

ሞተሩ በአንድ ጉተታ ተነሳ። እውነትም እንከን የለውም። እናቴ እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ እየጎተተች ሳቀች። አባቴ ኋላ ተቀምጦ መሪውን ይዟል። ቁጭ ብሎ ነበር። ጉልበቱ ደረቅ ነበር። እሱን ሳይ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

መጀመሪያ የረጠበው ትራሱ ነው። ቀጥሎ አጎቴ ይማም ጫማውን አነሳና አየው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ አይታይም፤ ዝም ብሎ ከሥር ይነሳል፣ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። እናቴ "ሰይድ" አለች። አባቴ ጀልባዋን አዞራት። አጎቴ በዘይት ጣሳ፣ እናቴ በእጇ፣ እኔ በጫማዬ ውሃውን ወደ ውጭ እየደፋን ተመለስን። ዳር ስንደርስ ውሃው ጉልበቴ ጋር ነበር። አባቴ ዘሎ ወርዶ ጎተታት፤ እንደገና እስከ ጭኑ ረጠበ። ማዶ ያሉት ሴቶች ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ቆዩ፣ ኋላ አንድ በአንድ ሄዱ። አንዷ ብቻ ቀረች።

አባቴና አጎቴ ጀልባዋን አስበየዷት። አንዱ ቀዳዳ ሲዘጋ አጠገቡ ያለው ተከፈተ፤ ላሜራው ከቀለሙ የቀጠነ ነበር። አጎቴ ነጋዴው ዘንድ ሄዶ ሲጠይቀው፣ "እኔ የማልኩት ስለ ሞተሩ ነው፤ ስለ ላሜራው ያስማለኝ የለም" አለው። እውነቱን ነው፤ አላህን ፈርቶ ቃሉን መጥኖ ነበር የማለው። አጎቴ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሞተሩ እዚያው ሐይቅ ለአንድ ሰው ተሸጠ፤ ጀልባዋ ባዶዋን ወደ መርሳ ተጫነች። ውርጌሳ ላይ ያው ልጆች "ውሃው አለቀ እንዴ?" ብለው ጮኹ። እናቴ ማንጎው ሥር ድንጋይ ላይ አስቀምጣ አፈር ሞላችባትና የማንጎ ችግኝና ጤና አዳም ተከለችባት። ያቺ ጀልባ ውሃ ስለማትይዝ ሥሩ አይበሰብስም፤ ሰፈሩን ሁሉ ያዳረሰ ማንጎ ከእሷ ወጣ። አያቴ በሁለተኛው ዓመት ስትሞት እናቴ በእግሯ ዳር ዳሩን ዞራ ሄዳ ነው የደረሰችው፤ ከቀብር በኋላ።

አባቴ ሣጥኑን ተሸክሞ ግራና ወረደ። ሃያ ዓመት ወረደ። እኔም ለትምህርት ወልድያ እስክሄድ ድረስ ያንን ጉልበት አሸሁ። አንድም ቀን ስለ ጀልባዋ አንስቶብኝ አያውቅም። ሲጨፍን ግን "ቁጭ ብዬ የምሠራው" የምትለዋን ቃል ከዚያ በኋላ አልሰማኋትም። በእያንዳንዱ ማታ ልነግረው አፌን እከፍትና እዘጋለሁ።

የነገርኩት ራሴ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። አርጅቶ፣ ጉልበቱ እምቢ ብሎት፣ ማንጎው ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ ይውል ነበር። ጀልባዋ አጠገቡ ናት። ከወልድያ ልጠይቀው ሄጄ ጎኑ ተቀመጥኩና፣ "አባዬ፣ ያችን ጀልባ ያስገዛሁዎት እኔ ነኝ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "ማስቲካዋን ነው?" አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

"እጄ ላይ ገና እርጥብ ነበረች፤ የጥርስሽ ምልክት አለባት" አለ። "ያችን ቀዳዳ እዚሁ ግቢ ውስጥ ሰው ሳይነሳ ጠረግኩና በማጣበቂያ ደፈንኳት። እስቲ እጅሽን ከሥሯ አስገቢና ዳስሺያት።" ዳሰስኳት። ከዛገው ላሜራ መካከል አንዲት ጠንካራ፣ ለስላሳ እብጠት አለች። "አየሽ? እሷ አላፈሰሰችም። ዛሬም አታፈስም። ያፈሰሱት ሌሎቹ ናቸው።"

"ታዲያ አውቀው ለምን ገዟት?"

ጉልበቱን አሻሸ። "አንድ ቦታ ዝገት የበላው ላሜራ ያየ ሰው ሌላውንም እያንኳኳ ማየት አለበት። ይህንን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ደክሞኝ ነበር፣ አሚና። ጥሩ እንድትሆንልኝ ፈለግኩ። ደግሞ አንቺ ደፍነሽልኝ ሳይ፣ ልጄም እንደ እኔ ከፈለገቻት ብዬ…" ሁለታችንም እዚያው እስኪመሽ ተቀመጥን። አላህ ይዘንለትና ዓመት ሳይሞላው አረፈ።

እንግዲህ ያለፈው ቅዳሜ ይህ ሁሉ ይዞኝ ነው የሻጩ ግቢ የቆምኩት። ሻጩ ባጃጇን አስነስቶ፣ "ሞተሯ፣ ወላሂ፣ ምንም አይላትም" አለ። ከማል መሪዋን አልለቀቀም። ሳምንቱን ሙሉ በሦስት ፈረቃ ቆሞ አስተምሯል፤ ሸሚዙ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። እኔም በምሠራበት መዝገብ ቤት ፋይል ሳወርድና ስሰቅል ሰንብቻለሁ። ነጠላዬን ሰበሰብኩና ተንበረከኩ። ከሾፌሩ እግር ማስቀመጫ ሥር በጥፍሬ ጫን ሳደርገው ስቱኮው ረግፎ መዳፌ ላይ ወደቀ። ቀና ስል ከማል እያየኝ ነው። አልደነገጠም። ከእኔ በፊት አይቶታል።

"ከማል" አልኩት፤ "ደክሞሃል። ሲደክምህ አንገዛም።"

መሪዋን ለቀቀ። ሻጩ የተቆጣ ይመስለኛል፤ አልሰማሁትም። መንገድ ላይ የሚያልፍ ባጃጅ አስቁመን ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ከማል ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለና ሰፈራችን እስክንደርስ አላነሳውም። የቀለሙ ሽታ ከነጠላዬ አልለቀቀም። ለአባቴም ያን ቀን ይህችኑ አንዲት ቃል የሚለው ሰው አጠገቡ ኖሮት ቢሆን እያልኩ መጣሁ። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ዐሥር ዓመቴ ነበር፣ እሱም ፈገግ ብሎ ነበር።